ስፖንሰር የሚሆን ትምህርት ቤት ፍለጋ፦ ከወሎ ለሚነሳ መምህር የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ወሎ ውስጥ አንድ ሰው ዐረብ አገር ያላደረሰ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ የሚነሳው ወጣት መንገዱን ያውቀዋል፤ ደላላውንም በስሙ ይጠራዋል። ዲግሪ ይዞ፣ በመምህርነቱ፣ በሕጋዊ የሥራ ቪዛ መውጣት ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ጎረቤትም ዘመድም ብዙ የሚመክረው የለውም። ስለዚህ መምህሩ ማታ ስልኩን ያወጣና «ስፖንሰር የሚያደርግ ትምህርት ቤት» ብሎ ይፈልጋል። ማስታወቂያው ይዥጎደጎዳል። አብዛኛው ለእሱ አይሆንም፣ ከተረፈው ውስጥም ሌባ አይጠፋም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። «ስፖንሰር ያደርጋሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ አገር በእጃችሁ ባለው ወረቀትና በያዛችሁት ፓስፖርት እንደ መምህር ይቆጥራችኋል ወይ የሚለው ነው። የማይቆጥራችሁ ከሆነ መቶ ስፖንሰር ቢኖር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

አገር ለአገር ከማወዳደራችን በፊት መለኪያውን እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ፓስፖርት። ለአንዳንድ ሥራ የተወሰኑ አገሮች ዜጋ ካልሆናችሁ ማመልከቻው አይታይም። ሁለተኛ፣ የትምህርት ማስረጃ። የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው፣ ማለትም የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ብቻ የያዘ፣ ከታች ካሉት መንገዶች በአንዱም ለመሄድ ይቸገራል፤ እዚሁ ሆኖ ዲግሪውን ቢጨርስ ይሻለዋል። በአፕላይድ ሒሳብ ወይም በፊዚክስ ተመርቃችሁ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) የወሰዳችሁ ደግሞ ያንን ወረቀት አትናቁት። ብዙ አገር የሚጠይቀው «የማስተማር ሥልጠና ማስረጃ» የተባለው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ወጪው በማን ይወድቃል? ትኬት፣ ቪዛ፣ የጤና ክፍያ፣ የወረቀት ማረጋገጫ ሁሉ ተደምሮ። አራተኛ፣ ከቀጣሪው ጋር ብትጣሉ ምን ይሆናል? ሥራ መቀየር ይቻላል ወይስ በማግስቱ ወደ ቦሌ ነው? አምስተኛ፣ ቤተሰብ ማስከተልና የቆይታው ርዝመት። ደመወዝን ለብቻው አላስቀመጥኩትም፤ ምክንያቱም ቤት የሚሰጥ፣ ግብር የሌለበት 1,000 ዶላር እና የቤት ኪራይ ግማሹን የሚበላው 2,500 ዶላር በወረቀት ላይ ካለው ልዩነት ሌላ ነገር ናቸው።

ባሕረ ሰላጤ፦ ኤምሬትስ፣ ሳዑዲ፣ ኳታር፣ ኦማን

ለእኛ ሰው በቅርብ ያለው ይሄ ነው። በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም። የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያወጣው ቀጣሪው ራሱ ስለሆነ ያለ ስፖንሰር መቀጠር የሚባል ነገር የለም። ከደህናዎቹ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ መኖሪያ ቤት ወይም የቤት አበልና ዓመታዊ ትኬት ይጨምራሉ። ኤምሬትስ ላይ ሥራ ስትለቁ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን። ልብ በሉ፣ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዙ ነው። ስለዚህ ኮንትራት ላይ መሠረታዊው ትንሽ ሆኖ አበሉ ተቆልሎ ካያችሁ ጠይቁ፤ ሲለቁ የሚታጨደው ከትንሿ ነው።

እንቅፋቱ ምንድነው? የግል ትምህርት ቤቶቹ በሥርዓተ ትምህርት የተከፋፈሉ ናቸው። የብሪታንያ፣ የአሜሪካና ዓለም አቀፍ ባካሎሪያ የሚሰጡት ብዙ ይከፍላሉ፤ ግን በዚያው ሥርዓት ያስተማረ ሰው ይፈልጋሉ። የህንድና የፓኪስታን ሥርዓት የሚከተሉት ዝቅ ያለ ይከፍላሉ፣ በዚያ ላይ የራሳቸውን አገር ሰው ያስቀድማሉ። ዱባይ ላይ አንድ መምህር ክፍል ከመግባቱ በፊት የከተማዋ የግል ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያጸድቀዋል። እዚያ የሚታየው ዲግሪው፣ የማስተማር ሥልጠናው፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑና እንግሊዝኛው ነው። ሳዑዲ ደግሞ በግል ትምህርት ቤቶች ያለውን የማስተማር ሥራ ለዜጎቿ እየመደበች ስለሆነ በሩ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው።

ስለ ከፊል፣ ማለትም ሠራተኛውን በስሙ አስገብቶ ከራሱ ጋር ስለሚያስረው ስፖንሰር፣ የምትሰሙት ወሬ የቤት ሠራተኞችን ሁኔታ የሚመለከት ነው የሚበዛው። ለመምህር ነገሩ ትንሽ ይለያል። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለ ቀጣሪ ፈቃድ ሥራ መቀየርን ፈቅዳለች፤ ሳዑዲም እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በተጀመረው ማሻሻያ የግል ዘርፍ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በኋላ መዛወር እንዲችል አድርጋለች። በወረቀት ያለው በተግባር እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱን አልክድም። ግን «ገባህ ማለት ታሰርክ ማለት ነው» የሚለው ለመምህር ልክ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም፦ ፍሪ ቪዛ። የሆነ ሰው በስሙ ቪዛ ያስወጣላችሁና «እዚያ ደርሰህ ሥራ ፈልግ» ይላችኋል። በዚህ ቪዛ ትምህርት ቤት አይቀጥራችሁም፤ ቢቀጥራችሁም ሁለታችሁም ሕገወጥ ናችሁ። በኤምሬትስም በሳዑዲም ሕግ የቅጥርና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የቀጣሪው ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይህንኑ ነው የሚለው፦ የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ መድን በአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬትና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ በሠራተኛው። ከዚህ ዝርዝር የወጣ ክፍያ ሲመጣ ለምን ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

እንግሊዝ

እንግሊዝ ላይ ስፖንሰር መሆን የሚችለው ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ብቻ ነው። የባለፈቃዶቹ ዝርዝር በመንግሥቱ ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። ያንን ዝርዝር አውርዶ የትምህርት ቤቱን ስም መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያደርገው ሰው ግን ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ። በመንግሥት ትምህርት ቤት በሙሉ መምህርነት ለመሥራት ኪውቲኤስ የሚባል ብቃት ያስፈልጋል። ከ2023 ወዲህ የውጭ መምህራን ያንን በቀጥታ የሚያመለክቱበት አሠራር ሲሰፋ ከአፍሪካ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ተካተዋል። ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ ናይጄሪያዊው ጓደኛችሁ በሦስት ወር ያገኘው ነገር ለእናንተ በዚያ በር አይመጣም። ያለው አማራጭ አይኪውቲኤስ የሚባለውን ሥልጠና በፓውንድ ከፍሎ ካሉበት ሆኖ መውሰድ፣ ወይም ኪውቲኤስን በግዴታ የማይጠየቁ የግል ትምህርት ቤቶችን ማነጋገር ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያላችሁ ሰሚ ታገኛላችሁ። ታሪክና ሲቪክስ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጊዜያችሁን ሌላ ቦታ ብታውሉት ይሻላል።

ወጪው ቀላል አይደለም። ከቪዛ ክፍያው ሌላ የጤና ክፍያ አለ፤ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ለልጅ 776። ለሦስት ዓመት ቪዛ ሦስት ዓመቱን በአንዴ ነው የሚከፈለው። ትምህርት ቤቱ ይሸፍንላችሁ እንደሆነ ኢንተርቪው ላይ በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የእንግሊዝኛ ደረጃውም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከቢ1 (መካከለኛ) ወደ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ) ከፍ ብሏል። ጥሩ ጎኑ የትዳር ጓደኛና ልጅ ማስከተል መፈቀዱ ነው።

አሜሪካ

ሁለት መንገድ ይወራል። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የባለሙያ የሥራ ቪዛ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ በቀጣሪው ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሎበታል። ለአንድ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ይህንን የሚከፍል የትምህርት ቢሮ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ።

ለመምህር የሚሆነው ጄ ዋን የሚባለው የልውውጥ ቪዛ ነው። ቢያንስ የሁለት ዓመት የማስተማር ልምድ፣ ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር የሚመጣጠን ማስረጃ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ። ቆይታው እስከ 3 ዓመት ሆኖ እስከ 2 ዓመት ሊራዘም ይችላል። እዚህ ስፖንሰሩ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው የሾመው ድርጅት ነው፤ የድርጅቶቹ ዝርዝርም ክፍት ነው። ብዙዎቹ ለአገልግሎታቸው ከመምህሩ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ግን ከኪስ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ 220 ዶላር የምዝገባና 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ። ቪዛው የባህል ልውውጥ ስለሆነ መጨረሻው መመለስ ነው፤ በአንዳንዶች ላይ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታም ይጣላል። ዲቪ የሞላ ሰው ይህን በዲቪ ዓይን አይየው። ጥሩ ነገሩ ደመወዙ እንደ አሜሪካዊ መምህር መሆኑና የትዳር ጓደኛ ፈቃድ አውጥቶ መሥራት መቻሉ ነው።

እስያ፣ በአጭሩ

ኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህርነት ቪዛውን ለሰባት አገሮች ዜጎች ብቻ ነው የምትሰጠው፦ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። አለቀ። ቻይናም ቋንቋ የሚያስተምር ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ያስተምር ነው የምትለው። ስለዚህ «ቻይና እንግሊዝኛ መምህር ይፈለጋል፣ ኢትዮጵያዊ ይችላል» የሚል ማስታወቂያ በቢዝነስ ወይም በተማሪ ቪዛ ሊያስገባችሁ የሚሞክር ነው፤ የሚያዘው መምህሩ ነው። ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ግን ዲግሪና የሁለት ዓመት ልምድ ካለው ዜድ በሚባለው የሥራ ቪዛ መግባት ይችላል። ታይላንድ ክፍት ናት፤ በርካታ አፍሪካውያን እዚያ ያስተምራሉ፣ ደመወዙ ግን መጠነኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ሰው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይጠየቃል።

ካናዳ

ካናዳ ላይ ስፖንሰር ፍለጋ ብዙ አያስኬድም። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን የመምህርነት ፈቃድ ይሰጣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2025 ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የስደተኛ መምረጫ ሥርዓት ውስጥ ለትምህርት ባለሙያዎች የተለየ ምድብ ተጨምሯል። ይህ መንገድ ቀጣሪ ሳይኖር በነጥብ የሚገባበት ነው። ዕድሜና እንግሊዝኛ ነጥቡን ይወስናሉ፤ ከ30 በታች የሆነና አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ጠንካራ ውጤት ያለው ሰው አሁኑኑ ያስላው።

ሁለተኛ ዲግሪ ላላቸው፦ ዶክትሬት እንደ ሥራ

ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ወልዲያ ወይም መቅደላ አምባ ላይ የምታስተምሩ ሰዎች የምትዘሉት በር ይሄ ነው። ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድ ላይ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ አለው፣ ጡረታ ይቆጠርለታል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ በሥራ ውሉ ላይ ይመሠረታል፣ ቤተሰብ ያስከትላል። ኖርዌይ ውሉ ሦስት ዓመት ነው፤ ማስተማር ከተጨመረበት አራት። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውሮፓ ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ ክፍያ የጣለችው በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ዶክትሬቱን አልነካችም። ማስታወቂያው እንደማንኛውም የሥራ ማስታወቂያ ዩራክሴስ እና ጆብኖርጌ በሚባሉ ድረ ገጾች ላይ ይወጣል።

ውድድሩ ከባድ ነው። ግን ደላላ የለበትም፣ የቅድሚያ ክፍያ የለበትም፣ የሚያስፈልገው ጥሩ ሐሳብና የታተመ አንድ ሁለት ጽሑፍ ነው። ስለ ወሎ አፈር፣ ስለ ቦርከና ውሃ፣ ስለ ተፈናቃይ ተማሪዎች የምታውቁት ነገር እዚያ የተቀመጠ ሰው የሌለው ነው። እኔ ብጠየቅ ሁለተኛ ዲግሪ ያለውን ሰው ዱባይ ከመላክ በፊት ይህንን ሞክር ነው የምለው።

በአንድ እይታ

| መንገዱ | ለማን ይሆናል | ዋናው እንቅፋት | ከኪስ የሚወጣው | ቆይታና ቤተሰብ |
|---|---|---|---|---|
| ባሕረ ሰላጤ | ዲግሪ፣ የማስተማር ሥልጠናና ልምድ ላለው | የሥርዓተ ትምህርት ልምድ፣ የወረቀት ማረጋገጫ | ዝቅተኛ | በኮንትራት፤ ቤተሰብ እንደ ደመወዙ |
| እንግሊዝ | ሒሳብና ሳይንስ | ኪውቲኤስ፣ ቢ2 | ከፍተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ካልሸፈነ | ረጅም፤ ቤተሰብ ይቻላል |
| አሜሪካ ጄ ዋን | 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስተማረ | የድርጅት ክፍያ፣ ቪዛ ቃለ መጠይቅ | ከፍተኛ | እስከ 5 ዓመት፤ ከዚያ መመለስ |
| ቻይና፣ ታይላንድ | የትምህርት ዓይነት መምህር | የቋንቋ ሕግ፣ ሕገወጥ ማስታወቂያ | መካከለኛ | ዓመት በዓመት የሚታደስ |
| ካናዳ | ወጣት፣ እንግሊዝኛው ጠንካራ | ነጥብ፣ የክፍለ ሀገር ፈቃድ | ከፍተኛ | ቋሚ፤ ከቤተሰብ ጋር |
| የዶክትሬት ቅጥር | ሁለተኛ ዲግሪ ያለው | ውድድር | በጣም ዝቅተኛ | 3–4 ዓመት፤ ቤተሰብ ይቻላል |

ታዲያ እኔ የትኛውን?

እጃችሁ ላይ ገንዘብ ከሌለ፣ ዲግሪና የማስተማር ሥልጠና ካላችሁ፣ ባሕረ ሰላጤን በቀጥታ በትምህርት ቤቶቹ ድረ ገጽ በኩል ሞክሩ። የትምህርት ዘመናቸው እንደ እኛው በመስከረም አካባቢ ስለሚጀምር ቅጥሩ የሚጧጧፈው ከጥር እስከ ግንቦት ነው፤ ነሐሴ ላይ ማመልከት ዘግይቶ መንቃት ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ከሆናችሁ ኮሪያንና ቻይናን ተዉት፤ ጄ ዋንና ባሕረ ሰላጤ ላይ አተኩሩ። የፊዚክስ ወይም የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ ሁሉም በር ላይ አንኳኩ፣ እናንተን ዓለም ይፈልጋችኋል። አማርኛ፣ ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ያላችሁ በማስተማር ብቻ ስፖንሰር ማግኘት ይከብዳችኋል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ በምርምር በኩል መውጣት የተሻለ ዕድል ነው። ትዳርና ልጆች ያሏችሁ ደግሞ መጀመሪያ የመጨረሻውን የሠንጠረዥ ዓምድ አንብቡ።

ሐሰተኛ ኦፈር ሌተር ምን ይመስላል?

ደሴ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያየሁት አንድ አለ። የለንደን ትምህርት ቤት ነኝ ይላል፣ ደመወዙን ግን በዶላር ነው የጻፈው። ኢሜይሉ ጂሜይል ነው። ኢንተርቪው የለም፣ በቴሌግራም «ተመርጠሃል» ብቻ። ታች ላይ ቀይ ማኅተም ያለበት «የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት» ተለጥፏል። እውነተኛው የእንግሊዝ ስፖንሰርሺፕ ግን በኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ያለ መዝገብና የመለያ ቁጥር ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሆኖ አይመጣም። ከዚያ «ሰርተፊኬቱን ለማስለቀቅ» በግለሰብ ስም በቴሌብር ላክ ይላል። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የእንግሊዝ ቀጣሪ የዚያን ሰርተፊኬት ክፍያ ወደ ሠራተኛው ማዞር ተከልክሏል። ማለትም ጥያቄው ራሱ ማስረጃ ነው።

ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

ፕሮሰሱ የሚበላሸው በብዛት ስም ላይ ነው። እኛ ጋ እንድሪስ፣ መሐመድ፣ ሰይድ፣ ዘይነባ የሚባል ሞልቷል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ እንዳሻው ነው። የአሥረኛ ክፍሉ ሰርተፊኬት ላይ እንድሪስ በኢ ይጀምራል፣ ዲግሪው ላይ በአይ፣ ፓስፖርቱ ላይ ኤኑ ጠፍቷል። ለውጭ ኤምባሲ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ ደሴ ወዳለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስትሄዱ ዲግሪውን ይዛችሁ ፊደል በፊደል እንዲመሳሰል አድርጉ። ፓስፖርቱ ቀድሞ ከወጣ ዲግሪውን በሬጅስትራር በኩል ማስተካከል ነው፤ እሱ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ በቴምፖራሪ (በጊዜያዊው የዲግሪ ወረቀት) አትሄዱም። ኦሪጅናሉ የሚለቀቀው የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ሲዘጋ ስለሆነ እሱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከዚያ ዲግሪው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም የአገሩ ኤምባሲ ይዞራል። በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዷ ማኅተም ከመመላለስ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሰባስቦ አንዴ መውረድ ይሻላል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ደግሞ ከመልቀቂያችሁ በፊት ነው መውሰድ ያለባችሁ። ከትምህርት ቤት ቀርተው የጠፉ መምህራን በኋላ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ደብዳቤ ሲለምኑ ማን ይሰጣቸዋል? ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን። ያስተማራችሁትን የትምህርት ዓይነት፣ የክፍል ደረጃውን፣ የሙሉ ጊዜ መሆኑን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዝ፤ ማኅተም፣ ፊርማና የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይኑረው። ርዕሰ መምህሩንም ንገሩት፣ ምክንያቱም የውጭው ቀጣሪ ደውሎ ይጠይቃል፤ ያ ጥሪ ሲመጣ «የማን ነው?» ብሎ እንዳይዘጋው።